ሹልትስ ማለት ጭቃ ሹም ነው፦ የጀርመን የቤተሰብ ስም ከየት እንደመጣ እንዴት እናገኛለን?

ጀርመን አገር በር ደወል ላይ የሚጻፈው የክፍል ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። እኔ የምኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ 12 ቁልፎች አሉ። ከእያንዳንዱ ጎን ጣት የማታክል ወረቀት አለች፤ ወረቀቷ ላይ የቤተሰብ ስም። ከ12ቱ አንዱ የአያቴ ስም ነው። አያቴ ከወረዳቸው ርቀው ሄደው አያውቁም፤ ስማቸው ግን ኑሮው ጀርመን ሆኗል።

ከእኔ በላይ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ይኖራሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኘንና «ይሄ ስምህ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እኛ ጋ ስም ትርጉሙን ይዞ ነው የሚመጣው። «የእርስዎስ?» አልኳቸው። «ሹልትስ ሹልትስ ነው፤ ምን ትርጉም አለው ብለህ!» ብለው ሳቁ። እኔ ደግሞ አላርፍም። በጀርመንኛ «ሹለ» ትምህርት ቤት ነው፤ እንግዲያው የአስተማሪ ዘር ነዎት አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኔ ግን ጉድ ሠርቻለሁ፤ ስህተት ነበር።

ስህተቴን ለማረም የሄድኩበትን መንገድ ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። የትዳር ጓደኛችሁ ጀርመናዊ ከሆነ፣ ልጃችሁ የጀርመን ስም ከያዘ፣ ወይም እንደ እኔ የደወል ወረቀት ማንበብ ከወደዳችሁ ይጠቅማችኋል። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላት የሚገለጠው ግን ወደ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው የስሙ አገር ነው። አንዱ ስም ሰሜን ላይ አንድ ነገር፣ ደቡብ ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

1. ፊደሉን ፍቱት

ወረቀት አምጡ። ስሙን መሃል ላይ ጻፉት። ዙሪያውን ደግሞ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ አስፍሩ።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? የጀርመን ስም አጻጻፍ የረጋው በቅርቡ ስለሆነ ነው። በፕሩሲያ ከጥቅምት 1874፣ በመላው የጀርመን ግዛት ደግሞ ከጥር 1876 ጀምሮ ነው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት የክብር መዝገብ ቢሮ፣ «ስታንደስአምት» በሚሉት፣ መመዝገብ የጀመረው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው የሚጽፈው የደብሩ ቄስ ነበር። ቄሱ የሚጽፈው እንደሰማው ነው። አንዱ ሰው ሲጠመቅ በአንድ አጻጻፍ፣ ሲያገባ በሌላ፣ ሲቀበር በሦስተኛ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ «የእኛ ሹልትስ ‹ቲ› የሚባለው ፊደል አለበት፣ የነሱ የለበትም፣ አንዛመድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ አትመኑት።

በብዛት የሚቀያየሩት «ሲ» እና «ኬ»፣ «ዋይ» እና «አይ»፣ «ቲ» ብቻውን ወይም ከ«ዲ» ወይም ከ«ኤች» ጋር ናቸው። አናታቸው ላይ ሁለት ነጥብ ያላቸው ሦስቱ የጀርመን ፊደላትም ያሳስታሉ። ነጥቡ ሲቀር «ኢ» የሚባለው ፊደል ይተካዋል፤ ወይም ጭራሹን ይጠፋል። አሜሪካ የገባው ሙለር ብዙ ጊዜ ሚለር የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

ሁለት ወጥመዶችን ለብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው፣ በድሮ መዝገብ የሴት ስም መጨረሻ ላይ «ኢን» ይጨመር ነበር። ሹልትሲን ካያችሁ ሌላ ስም አይደለም፤ የሹልትስ ሚስት ወይም ልጅ ናት። ሁለተኛው የእጅ ጽሑፉ ነው። «ኩረንት» በሚባለው የድሮ ጽሕፈት «ዩ» እና «ኤን» ቁርጥ አንድ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ስለተቸገሩ «ዩ»ው ላይ ትንሽ ቅስት ይሰሩበት ነበር። ያቺን ቅስት ፈልጉ።

የጎረቤቴን ስም በዚህ መንገድ ስፈታው ወረቀቱ ሞላ፦ ሹልትስ፣ ሹልትሰ፣ ሹልት፣ ሹልተ፣ ሾልትስ፣ ሹልትሃይስ፣ ሹልቴስ፣ ሾልተን። ሁሉም ዘመድ ቃላት ናቸው። ሰዎቹ ግን የግድ አይዛመዱም። ይሄንን ልዩነት እስከ መጨረሻው አትርሱ።

2. ከየትኛው ጎራ ነው?

የጀርመን የስም ተመራማሪዎች የቤተሰብ ስሞችን በአምስት ጎራ ይከፍላሉ። ስሙ ከአባት ወይም ከቅድመ አያት መጠሪያ የመጣ ይሆናል፤ ከመጣበት አገር፣ ከሚኖርበት ሥፍራ፣ ከሥራው ወይም ሰው ካወጣለት ቅጽል ስም ሊመጣም ይችላል። ፔተርሰን የፔተር ልጅ ነው። ባየር ከባቫሪያ የመጣ ሰው ነው። ባኽ ወንዝ ዳር የሚኖር። ቬበር ሸማኔ። ክላይን ትንሹ፣ ክራውዘ ደግሞ ጸጉረ ከርዳዳው።

ስሞቹ የረጉት በአንድ ቀን አይደለም። እንደ ኮሎኝ ያሉ የራይን ወንዝ ከተሞች በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀመሩ። ከተማው ሰው በሰው ሆነ፤ ግማሹ ዮሃንስ፣ ግማሹ ሃይንሪኽ። ግብር ሰብሳቢው የቱን ዮሃንስ ይያዝ? ስለዚህ «ዮሃንስ ሸማኔው»፣ «ዮሃንስ ወንዝ ዳሩ» እየተባለ ተጻፈ። ያ ቅጥያ ቀስ በቀስ ለልጅ ተላለፈ። ወደ ሰሜንና ወደ ገጠር ለመድረስ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል።

የመጨረሻዎቹ ፍሪዝላንዶች ናቸው። በሰሜን ባሕር ዳርቻ ያሉት እነዚህ ሰዎች ልክ እንደ እኛ ልጅን በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ ስሙ በየትውልዱ ይቀያየራል። ቋሚ ስም እንዲይዙ ያስገደዳቸው ናፖሊዮን ነው፣ በ1811። የሚገርመው፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የስም ሕግ ለፍሪዝላንዶች ያንን የድሮ ልማድ መልሶ ፈቅዶላቸዋል። እኔ ስታንደስአምት ሄጄ «የልጄ ስም የእኔ ስም ነው፣ የእኔ ደግሞ የአባቴ» እያልኩ ላቤ ጠብ እስኪል ስከራከር ይሄንን ባውቅ ኖሮ ጥሩ ምሳሌ ይሆነኝ ነበር።

ጎራውን ለመለየት መጨረሻውን እዩ። «ሰን» በአብዛኛው የሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ነው፣ ማለትም ወደ ዴንማርክ የተጠጋው ሰሜን። «ለ» ብሎ የሚያልቅ፣ እንደ ኤበርለ ያለ፣ የሽቫቤን ማቆላመጫ ነው፤ ዋና ከተማው ሽቱትጋርት ብላችሁ ያዙት። «ሊ» ካለ ስዊዘርላንድ። «ሆፈር» ካለ ባቫሪያና ኦስትሪያ። «ኦ» ብሎ የሚያልቅና በጽሑፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ፊደል ያለው፣ እንደ ቢዩሎ ያለ፣ ከመክለንቡርግና ከብራንደንቡርግ የመጣ የስላቭ የቦታ ስም ነው። ጀርመን ውስጥ ያለ ስም ሁሉ ጀርመንኛ አይደለም። ኖቫክ ስላቭ ነው፤ «አዲሱ» ማለት ነው። የአይሁድ ስሞች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ብዙዎቹ በመንግሥት አዋጅ የተያዙ ናቸው፣ በኦስትሪያ 1787፣ በፕሩሲያ 1812። ስለዚህ ሮዘንታል ሲባል «የጽጌረዳ ሸለቆ» የሚባል ቦታ ፍለጋ መድከም ላያስፈልግ ይችላል። ለውበቱ ተመርጦ ሊሆን ይችላልና።

የሥራ ስሞች ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ያላቸው የጀርመን ስሞች ሙለር፣ ሽሚት፣ ሽናይደር፣ ፊሸር፣ ቬበር ናቸው። ባለ ወፍጮ፣ ቀጥቃጭ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ ሸማኔ። አንድ ሥራ ግን በየአገሩ ሌላ ሌላ ስም ነበረው። ሸክላ ሠሪውን ውሰዱ። ደቡብ ላይ ሃፍነር ነው። ወደ ሳክሶኒና ቱሪንገን ስትሄዱ ቶፕፈር ይሆናል። ሄሰን አካባቢ ኦይለር። ጋሪ ሠሪውም እንዲሁ፤ ደቡብና መሃል ቫግነር፣ ሰሜን ምዕራብ ራደማኸር፣ ምሥራቅ ሽቴልማኸር። ሥራው አንድ፣ ስሙ ብዙ። አንዲት የስም ቃል ብቻ ይዛችሁ የሰውየው ቅድመ አያት የት ሸክላ ሲጠፈጥፍ እንደነበር መገመት ትችላላችሁ ማለት ነው።

ድምፁም አገር ይናገራል። ደቡቦቹ «ፍ» የሚሉትን ሰሜኖቹ «ፕ» ይሉታል፤ «ስ» የሚሉትን «ት»። እረኛው ደቡብ ላይ ሼፈር፣ ሰሜን ላይ ሻፐር ነው። ነጩ እዚያ ቫይስ፣ እዚህ ቪት። ትልቁ እዚያ ግሮስ፣ እዚህ ግሮተ። ይሄን አንድ ሕግ ብቻ የያዘ ሰው የደወል ሰሌዳ ሲያነብ ካርታ የሚያነብ ይመስለዋል።

እስቲ በመራኄ መንግሥታቱ እንለማመድ። ገርሃርድ ሽሮደር፦ ሽሮደር በሰሜኑ ጀርመንኛ «ቆራጭ»፣ ማለትም ልብስ ሰፊ ነው፤ ሽናይደር ከሚለው ጋር አንድ ሥራ። ወይን በሚመረትበት አካባቢ ግን ተመሳሳዩ ስም የወይን በርሜል እያንከባለለ የሚያጓጉዝን ሰው ሊያመለክት ይችላል። አያችሁ፣ ቦታው ሳይታወቅ ትርጉሙ አይታወቅም። አንጌላ ሜርክል፦ ስሙ የመጀመሪያ ባላቸው ነው። «ማርክቫርት» ከሚል የድሮ መጠሪያ በአጭሩ የተቆላመጠ ሲሆን «የድንበር ጠባቂ» ማለት ነው። ሄልሙት ኮልን ከጨመርን ደግሞ ጎመን ነው። የአያት ቅድመ አያቱ ጎመን አብቃይ ወይም ጎመን ሻጭ ሳይሆን አልቀረም።

ካይዘር ወይም ኮኒኽ የሚባል ሰው ካገኛችሁ አትስገዱ። አንዱ ንጉሠ ነገሥት፣ ሌላው ንጉሥ ማለት ነው፤ ነገር ግን የንጉሥ ዘር መሆኑን አያሳይም። ንጉሡ ግቢ ያገለገለ፣ በመንደር ጨዋታ ላይ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተ፣ ወይም ኩራተኛ የነበረ ሰው ነው እንዲህ የሚባለው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ገበያ ላይ «የቤተሰብ ስምዎ ዓርማ» እያሉ የሚሸጡትን ካርድ ተዉት። እኔ ለጎረቤቴ ስጦታ ብዬ ባለ ጋሻና ባለ አንበሳ ገዝቼ 15 ዩሮ ከስሬያለሁ። ዓርማ ለአንድ የተወሰነ ቤተሰብ የሚሰጥ እንጂ ስሙ ለገጠመ ሁሉ የሚታደል አይደለም።

3. ካርታው ላይ አውጡት

አሁን ስሙ ስንት ሰው እንዳለውና የት እንደሚበዛ እንይ።

የጀርመን ተመራማሪዎች ደስ የሚል ዘዴ አላቸው። የቤት ስልክ ነው። ሁሉም ቤት ስልክ በነበረበት ጊዜ የስልክ ደንበኞች ዝርዝር የአገሩ ስም መዝገብ ማለት ነበር። የፍራይቡርግና የማይንትስ ዩኒቨርሲቲዎች ያዘጋጁት የጀርመን የቤተሰብ ስሞች አትላስ የ2005ን የስልክ መረጃ ነው የተጠቀመው፤ ወደ 28 ሚሊዮን የግል ስልኮች። ከዚያ ውስጥ 850,000 ገደማ የተለያዩ ስሞች ተገኙ። በዚሁ መረጃ ላይ የቆመና እስካሁን እየተሠራ ያለ ነፃ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ፣ «ዲጊታሌስ ፋሚሊየንናመንቨርተርቡኽ ዶይችላንድስ» የሚባል። በ2012 ተጀምሮ በማይንትስ የሳይንስ አካዳሚ በኩል የሚካሄድ ነው። ስሙን ስታስገቡ ትርጉሙንም፣ ስንት ስልክ እንዳለውም፣ ካርታውንም ያወጣላችኋል። ለጨዋታ ያህል ደግሞ «ጂኦገን» የሚባለው ካርታ ይበቃል።

የስልኩን ቁጥር ወደ ሰው መቀየር ከባድ አይደለም። በዚያ ጊዜ 82 ሚሊዮን ሕዝብ፣ 28 ሚሊዮን ስልክ፤ በአንድ ስልክ ሦስት ሰው ገደማ። ስለዚህ ስሙ 1,000 ስልክ ካለው 3,000 ያህል ሰው አለው በሉ። ግምት ነው፣ ግን አያሳፍርም።

ዋናው ስህተት የሚሠራው ካርታው ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ካርታ አለ፤ አንደኛው ብዛት ብቻ፣ ሁለተኛው ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር። ብዛት ብቻ የሚያሳየው ካርታ ሁልጊዜ በርሊንን፣ ሃምቡርግንና ሙኒክን ያደምቃል። ሰው ስለሚበዛባቸው ነው እንጂ ስሙ የነሱ ስለሆነ አይደለም። እንበል አንድ ስም በርሊን ውስጥ 300 ስልክ አለው፤ 100,000 ሕዝብ ባለው አንድ የገጠር አውራጃ ደግሞ 60። ጥድፊያ ያለበት ሰው በርሊን ይላል። አስሉት፦ በርሊን 3.7 ሚሊዮን ሕዝብ ስላላት ከ100,000 ሰው 8 ነው የሚደርሳት። አውራጃው ላይ 60 ነው። የስሙ እናት አገር ያቺ አውራጃ ናት።

ሹልትስን አስገባሁት። ብዛቱን ተዉት፤ በአገሪቱ ካሉት አሥር ትልልቅ ስሞች አንዱ ነው። የበለጠ የገረመኝ የአጻጻፎቹ መከፋፈል ነው። ሹልትስ ሰሜን ምሥራቁን ሞላው፣ ብራንደንቡርግና መክለንቡርግ አካባቢ። መጨረሻው ላይ «ሰ» የተጨመረበት ሹልትሰ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረደ፣ ወደ ሳክሶኒ-አንሃልትና ሳክሶኒ። ሹልተ ቬስትፋሊያን ይዟል፣ ምዕራቡን። ሹልትሃይስ በሙሉ ቃሉ ደቡብ ምዕራብና ፍራንከን ላይ ቀረ። ሾልትስ ግን የትም አልጸና አለኝ። በየቦታው ተበትኗል፤ እናት አገር የለውም። እዚህ ላይ ነው አራተኛው ደረጃ የሚመጣው።

4. ከ1945 በፊት ተመለሱ

ካርታ ላይ ቤት የሌለው ስም ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ስደትን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 12 ሚሊዮን ገደማ ጀርመናውያን ከሽሌዝያ፣ ከፖመርን፣ ከምሥራቅ ፕሩሲያና ከቦሄሚያ ተፈናቅለዋል። መሬቱ ዛሬ የፖላንድ፣ የቼክና የሩሲያ ነው። ሰዎቹ ቦታ በተገኘበት ተበተኑ። ስማቸውም አብሮ ተበተነ። የ2005 የስልክ ካርታ ይሄንን አያውቅም።

መፍትሔው ከጦርነቱ በፊት የተጻፈ ዝርዝር ማግኘት ነው። ከሁሉም የሚሻለው የሚያሳዝነው ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሠራዊት የሟቾች፣ የቁስለኞችና የጠፉ ወታደሮች ዝርዝር። በየቀኑ ይታተም ነበር። «ኮምፕጄን» የሚባለው የትውልድ ተመራማሪዎች ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት አንድ በአንድ መዝግቦ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ 8.5 ሚሊዮን ያህል ስሞች። ክፍያ የለውም። ከስሙ ጎን የወታደሩ መንደር ወይም አውራጃ አለ፤ ካርታም ያወጣል። አንድ ሰው ሁለቴ ከቆሰለ ሁለቴ ስለሚቆጠር ለብዛት አትጠቀሙበት። ለቦታ ግን ወርቅ ነው።

ሾልትስን እዚያ ስታስገቡ ካርታው በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል። ሽሌዝያ። የድሮው ብሬስላው፣ የዛሬው ቭሮትስዋቭ ዙሪያ። የዚያ አገር ሰው «ኡ»ውን «ኦ» ብሎ ስለሚያነበው ሹልትስ ሾልትስ ሆነበት። የቀድሞው መራኄ መንግሥት ኦላፍ ሾልትስ የተወለዱት ኦስናብሩክ፣ ያደጉት ሃምቡርግ ነው፤ ሁለቱም ከሽሌዝያ ሩቅ ናቸው። ሰውየው የተወለደበት ቦታና ስሙ የተወለደበት ቦታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

5. አሁን መዝገበ ቃላቱን ግለጡ

ቦታውን ከያዛችሁ በኋላ የዱደንን የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ወይም ቅድም ያልኩትን የኢንተርኔቱን ክፈቱ። የዛሬውን ጀርመንኛ ሳይሆን የድሮውን ቅርጽ ፈልጉ። ሌማን ከሸክላ አፈር፣ «ለም» ከሚለው ቃል፣ የመጣ ይመስላል። አይደለም፤ ከጌታ መሬት የተቀበለ ሰው ነው። ሹልትስም ከትምህርት ቤት ጋር ምንም አያገናኘው።

የድሮው ቃል «ስኩልድሃይትሶ» ነው። «ስኩልድ» ዕዳ ወይም ግዴታ፣ «ሃይትስ» ማዘዝ። ግብርህን ክፈል፣ ዕዳህን አምጣ ብሎ የሚያዝ። በጌታው ስም መንደሩን የሚያስተዳድር፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ትንንሽ ጠብ የሚዳኝ ሰው። ይሄንን ሳነብ ሳቄ መጣ። ጭቃ ሹም! ቃል በቃል ጭቃ ሹም። ቃሉ እያጠረ፣ ሹልትሃይስ ሹልትስ ሆነ።

ግን ጭቃ ሹምነት እኛ ጋ የማንም ቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ አልቀረም። ጀርመን ላይ ለምን ይህን ያህል ሰው ያዘው? መልሱ ካርታው ላይ ነው፤ ለምን ምሥራቅ በዛ? በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ገበሬዎች ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስላቮች አገር፣ ሲሰፍሩ መስፍኑ አንድ ደላላ ይቀጥር ነበር፣ «ሎካቶር» የሚሉት። ደላላው ሰፋሪ ያመጣል፣ መሬት ይሸነሽናል። ለድካሙ ሰፊ መሬት ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ከፍርድ ቅጣቱ ሲሶው የሱ ነው። የመንደሩ ሹልትስ እሱ ይሆናል። ሹመቱ ከመሬቱ ጋር ለልጁ ይወረሳል። አባትም ሹልትስ፣ ልጅም ሹልትስ፣ የልጅ ልጅም ሹልትስ፤ ስሙ ከእርሻው ጋር ተጣበቀ። እኛ ጋ ግን ብዙ ቦታ፣ ለምሳሌ ጎጃም ውስጥ፣ ጭቃ ሹምነት ከርስተኛው ወደ ርስተኛው በየተራ ይዞር ነበር። የሚዞር ሹመት ስም አይሆንም።

በዚያ ላይ በየመንደሩ አንድ ሹልትስ አለ። ሸማኔና ቀጥቃጭ እንደሚበዙት እሱም በዛ።

ምዕራቡ ደግሞ ሌላ ነው። የቬስትፋሊያው ሹልተ የመንደር ሹም አልነበረም። ገዳም ወይም መኳንንት ትልቅ እርሻ ነበራቸው፤ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ገባሮች ወደዚያ እህል ያስገባሉ። ያንን ዋና እርሻ የሚያስተዳድረው ነው ሹልተ። ወደ አማርኛ ብመልሰው ምስለኔ ይቀርበኛል እንጂ ጭቃ ሹም አልለውም። ቃሉ አንድ፣ ሰውየው ሁለት።

የተሸሸገም አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተማሩ ጀርመናውያን ስማቸውን ወደ ላቲን መመለስ ፋሽን ነበር። ሹልትስ ፕሬቶሪየስ ሆነ። ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ሚካኤል ፕሬቶሪየስ የሹልትስ ልጅ ነው። ፖላንድና ቼክ ውስጥ ደግሞ በነሱ አጻጻፍ ሹልትስ ሆኖ በየቦታው አለ። አሜሪካ ላይ «ቲ» ያለበት አጻጻፍ ነው የሚበዛው። በነገራችን ላይ በ2017 የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች ዕጩ ማርቲን ሹልትስ ነበሩ፣ በ2021 ደግሞ ኦላፍ ሾልትስ። ፓርቲው ሁለት ጊዜ ጭቃ ሹም አቀረበ ማለት ነው።

6. ከስሙ ወደ ቤተሰቡ

እስካሁን ያገኘነው የስሙን ታሪክ ነው። የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ለማግኘት ከዛሬ ወደ ኋላ፣ ትውልድ በትውልድ መውረድ ነው። አቋራጭ የለውም።

በቤት ጀምሩ። የጋብቻ ደብተር፣ የድሮ ፎቶ ጀርባ፣ የመቃብር ድንጋይ። ከዚያ ስታንደስአምት። የልደት መዝገብ ከ110 ዓመት፣ የጋብቻ ከ80፣ የሞት ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ቤተ መዛግብት ተዛውሮ ለማንም ክፍት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያወጣው ራሱ ባለ ስሙ ወይም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ አማታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከ1874 በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ካቶሊክ ከሆኑ «ማትሪኩላ» ላይ ብዙው በነፃ ይታያል። ፕሮቴስታንት ከሆኑ «አርኪዮን»፣ በክፍያ። የፖመርን መዝገቦች ደግሞ ብዙዎቹ ሽቼቺን ከተማ፣ የፖላንድ መንግሥት ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው፤ ስካናቸው ኢንተርኔት ላይ አለ፣ በነፃ።

ጎረቤቴን ቡና ጠራኋቸው። አባታቸው ከድሮዋ ሽቴቲን አጠገብ ካለች መንደር ነው የመጡት፤ ሽቼቺን ያልኳችሁ ያቺው ናት። እሳቸው በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ነው በ1945 የወጡት። የወታደሮቹን ዝርዝር ከፈትን። የመንደሩን ስም አስገባን። ሦስት ሹልትስ ወጣ። ከመዝገቡ አንድ ገጽ አጉልቼ አሳየኋቸው፤ «ሹልትሲን» የምትለዋን ቃል በጣታቸው ተከተሏት፣ «ዩ»ው ላይ ያለችውን ቅስት ራሳቸው አገኟት።

ያኔ የአስተማሪ ዘር ነዎት ያልኩትን አረምኩ። የመንደር ሹም ማለት ነው፣ እኛም አገር ነበረ፣ ጭቃ ሹም እንለዋለን፣ የእርስዎ አገር ሹም ግን መሬቱንም ይወርስ ነበር አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ገጹን ትንሽ አዩትና፣

«እና መሬቱ የታለ?» አሉኝ።